«ከአሲዱ ላይ ውሃ ቀንስ»፦ የአንሃይድራይድ ትምህርታችን የረሳው በርሜል

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። የሰልፈሪክ አሲድ አንሃይድራይድ የትኛው ነው? 10ኛ ክፍልን የጨረሳችሁ ብዙም ሳትጨነቁ ትመልሱታላችሁ፤ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ። ዘዴው ቀላል ነው። ከአሲዱ ላይ አንድ የውሃ ሞለኪውል ትቀንሳላችሁ፣ የተረፈውን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። እኔም በዚህ ዘዴ ስንት ነጥብ እንደሰበሰብኩ አላስታውስም።

ይህን በተማርኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አየር ጤና የሚኖሩ ጎረቤታችን ለእንቁጣጣሽ የግቢያቸውን አጥር ኖራ ሊያስቀቡ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ አመጡ። እኔ ውሃ ቀጂ ሆንኩ። ግማሽ በርሜል ቆሟል፣ አጠገቡ ድንጋይ የሚመስል ነጭ ጓል የሞላበት ማዳበሪያ ተቀምጧል። ጓሉን በርሜሉ ውስጥ ገልብጬ በባልዲ ውሃ ላፈስበት ስል ሰውዬው እጄን ያዙኝ።

«ተው! ውሃውን ኖራው ላይ አይደለም፤ ኖራውን ነው ውሃው ላይ። ውሃ ሲቀምስ ይቆጣል እኮ ልጄ።»

መጀመሪያ ውሃው ገባ። ከዚያ ጓሉን በአካፋ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ጨመሩበት። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ በርሜሉ መንተክተክ ጀመረ። እሳት የለም፣ ከሰል የለም፣ ውሃው ግን እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚፈላው?» ስላቸው «ነገርኩህ እኮ፣ ቁጡ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ በርሜሉ ውስጥ ያየሁት ከወራት በፊት ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት መልስ መሆኑ ነው። ጓሉ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አንሃይድራይድ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ እኩልታውን አመጣጥነዋለሁ፤ ነገሩን ግን ፊት ለፊቴ ሲፈላ አላወቅኩትም። እንዲያውም በእኔ እውቀት ብንሄድ ኖሮ ውሃውን ጓሉ ላይ እደፋው ነበር፣ የሚፈናጠረውም ዓይኔ ውስጥ ይገባ ነበር። ቀለም ቀቢው «አንሃይድራይድ» የሚለውን ቃል ሰምተውት አያውቁም ብዬ እገምታለሁ። ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁት ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን የ«ቀንስ» ትርጓሜ ለመተቸት ነው። ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ ትክክል ነው። ችግሩ ትክክል ሆኖ ምን ያህል ነገር እንደሚደብቅ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚገባውን ክብር ልስጠው። አንሃይድራይድ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ውሃ የሌለው» ማለት ነው። ከአሲድ ውሃ ሲወጣ የሚተርፈው የአሲድ አንሃይድራይድ ይባላል፤ ከቤዝ ሲወጣ ደግሞ የቤዝ አንሃይድራይድ። በጥቅሉ የካርቦን፣ የሰልፈርና የፎስፈረስ ዓይነቶቹ ኦክሳይዶች ወደ አሲድ ወገን ይወድቃሉ፤ የካልሲየምና የሶዲየም ዓይነት ሜታሎች ኦክሳይድ ወደ ቤዝ ወገን። በአንድ መስመር ይህን ያህል መደርደር መቻል ትልቅ ነገር ነው። መቀነሱም የት እንደሚያደርስ ያሳያል፦ ናይትሪክ አሲድ ላይ አንድ ሞለኪውል አይበቃም፣ ሁለት ወስዳችሁ አንድ ውሃ ስትቀንሱ ነው ዳይናይትሮጂን ፔንቶክሳይድ የሚመጣው።

እሺ፣ አሁን ወደ ትችቱ።

የመጀመሪያው ነገር ታሪኩ የተገለበጠ መሆኑ ነው። «ውሃ ቀንስ» ሲባል ተማሪው የሚስለው አንድ ሰው ከአሲድ ወይም ከቤዝ ውሃ ሲያወጣ ነው። የኖራውን ጓል ማን እንደዚያ ሠራው? ማንም። የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ገብቶ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ እቶኑ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፦ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበናል። ልብ በሉ፣ አንደኛው የቤዝ አንሃይድራይድ ነው፣ ሌላኛው የአሲድ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ አንድም የውሃ ሞለኪውል አልተሳተፈም። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራና 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሙገርም ሆነ ሌላ ቦታ ሲሚንቶ ሲመረት ይኸው ክፍፍል የሥራው አንድ አካል ነው፤ ለዚህም ነው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀይር እንኳን ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ የማይቀርለት።

ሁለተኛው፣ እኔን እንደ ኢንጂነር የሚያናድደኝ፣ ጉልበቱ ነው። እኩልታው ላይ «ካልሲየም ኦክሳይድ ሲደመር ውሃ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከቀስቱ ወዲያ ሃይድሮክሳይዱ ይቀመጣል። ቁጣው የለም። እስቲ እንጨምርበት።

አንድ ሞል የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ለመክፈል 178 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ይህ ሙቀት የት ሄደ? አልጠፋም፤ የተለያዩት ሁለት አንሃይድራይዶች እንደ ዕዳ ይዘውት ይዞራሉ። ኖራው በርሜል ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ከዕዳው 65 ኪሎጁል በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍላል፤ መንተክተኩ እሱ ነው። ቀሪው 113 ኪሎጁል አጥሩ ከተቀባ በኋላ ነው የሚከፈለው። ቀለሙ ቀስ እያለ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ውሃውን ይለቃል፣ መልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ይኼ ሳምንታትና ወራት ስለሚወስድ ሙቀቱን ማንም አይሰማውም። 65 እና 113 ስትደምሩ 178። ሂሳቡ ቁልጭ ብሎ ይዘጋል። እኔ ይህን መጀመሪያ ያሰላሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ለሌላ የቤት ሥራ ብዬ የሙቀት ሰንጠረዥ ሳገላብጥ ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ ጥቂት ዝም ብዬ እንደተቀመጥኩ ትዝ ይለኛል። የጎረቤታችን አጥር የእቶን እሳት ሲከፍል ነበር የኖረው። የጎንደር ግንቦች ድንጋይ የተያያዘውም በኖራ ነው፤ እዚያም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነደደ እሳት በተመሳሳይ መንገድ ተከፍሏል።

65 ኪሎጁል በሞል ሲባል ትንሽ ይመስላል። ወደ ኪሎ እንቀይረው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ኦክሳይድ ውስጥ 18 ሞል ገደማ አለ፤ ስለዚህ 1,160 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሙቀቱ ሁሉ ወደ ውሃው ቢገባ፣ አንድ ኪሎ ኖራ ከ3 ተኩል ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ማፍላት ይችላል። ለአጸፋው ራሱ የሚያስፈልገው ግን የሊትር አንድ ሦስተኛ ያህል ውሃ ብቻ ነው። ቀለም ቀቢው «ኖራውን ውሃው ላይ» ያሉት ለዚህ ነው። በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጓል ሲገባ ውሃው ሙቀቱን ይቀበለዋል። ጓል ላይ ጥቂት ውሃ ሲፈስ ግን ሙቀቱን የሚሸከመው ያ ጥቂት ውሃ ብቻ ነው፤ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ትኩስ ኖራ ይዞ ወደ ላይ ይተኮሳል።

የሚተኮሰው ደግሞ ትኩስ ውሃ ብቻ አይደለም። ውሃ የጠገበ ኖራ ፒኤቹ 12.4 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ቤዝ የዓይንን ሽፋን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ቅንጣቱም ከቆብ ሥር ተደብቆ መሥራቱን ይቀጥላል። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፣ ቆቡን ገልጦ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። «ውሃ ካስቆጣው ለምን በውሃ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ መጠኑ ላይ ነው፤ ብዙ ውሃ ሙቀቱንም ኖራውንም ይዞ ይሄዳል። ቆዳ ላይ ያረፈ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ግን መጀመሪያ ማራገፍ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ። ሎሚና አቼቶ ግን በፍጹም። «ቤዝን አሲድ ያከሽፈዋል» የሚለው የክፍል እውቀት እዚህ ጋ ተጨማሪ ሙቀትና የባከነ ደቂቃ ነው የሚያመጣው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ቃል ትርጉም ውስጥ መውጣት የነበረበት ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት አደባባዩ አካባቢ ቆመው ሥራ ከሚጠብቁት ወጣቶች ውስጥ ኬሚስትሪ የተማሩ አሉ። «ቤዚክ አንሃይድራይድ» የሚለውን ፈተና ላይ አክብበው ያለፉ ይኖራሉ። ያ ማክበብ በርሜል ፊት ሲቆሙ ምን ጠቀማቸው?

ሦስተኛው ድብቅ ነገር ጥማቱ እኩል አለመሆኑ ነው። መቀነስ ሁሉንም አንሃይድራይድ አንድ ዓይነት ያስመስላል። አሸዋ፣ ማለትም ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ፣ በወረቀት የሲሊሲክ አሲድ አንሃይድራይድ ነው፤ ግን ወንዝ ውስጥ ስንት ዘመን ተኝቶ አሲድ አይሆንም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የካርቦኒክ አሲድ አንሃይድራይድ ነው። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚንሿሿው እሱ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ከሟሟው ጋዝ እውነተኛ ካርቦኒክ አሲድ የሚሆነው ከስድስት መቶ ሞለኪውል አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ጋዝ እንደሆነ ይቀመጣል። በሌላው ጫፍ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ አለ። እሱ ጥማቱ ከመብዛቱ የተነሳ ናይትሪክ አሲድን አስገድዶ ውሃውን ይነጥቀዋል። አንድ ስም፣ የትየለሌ ልዩነት።

ሰልፈር ትራይኦክሳይድማ የራሱ ጉድ አለው። ያቺን የመግቢያ ጥያቄ አስታውሱ። «ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ሲደመር ውሃ፣ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል።» እውነት ነው። ግን ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ በቀጥታ እንዲህ አያደርግም። እኛም አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለን፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጋዙ ውሃ ካገኘ በኃይል ስለሚገናኝ የአሲድ ጉም ይሠራል፣ ጉሙም ለመሰብሰብ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጋዙን 98 በመቶ ገደማ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ያሳልፉታል፣ ውሃው በኋላ በልክ ይጨመራል። አሲድ ለመሥራት አሲድ! ተማሪ ይህን ቢሰማ «ለምን?» ይላል። ያ «ለምን» ነው ኬሚስትሪ፤ ቀስቱን ብቻ ያየ ተማሪ ግን አይጠይቀውም።

መቀነሱ ራሱ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። ፎርሚክ አሲድ ላይ ውሃ ቀንሱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል፤ ክረምት ላይ በር ዘግቶ ከሰል ያነደደውን ቤተሰብ የሚገድለው ያው ጋዝ። በዘዴው መሠረት አንሃይድራይድ መሆኑ ነው። ያው ትምህርት ግን ገጽ ሳይገለበጥ «ካርቦን ሞኖክሳይድ ገለልተኛ ኦክሳይድ ነው» ይላል፤ ምክንያቱም እንዲሁ ከውሃ ጋር አሲድ አይሠራም። ተማሪው ግራ ሲጋባ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ስሙ ላይም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «አንሃይድራይድ»ንና «አንሃይድረስ»ን እናምታታለን፤ ወደ አማርኛ ስናመጣቸው ሁለቱም «ውሃ አልባ» ይሆናሉና። ልዩነቱን እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው ሲገባ ውሃ ሆኖ ይቀራል ወይ? ነጩ ኮፐር ሰልፌት ውሃ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ውሃው ግን ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ እንደሆነ ነው፣ ስታሞቁት ይወጣል። እሱ አንሃይድረስ ነው። ኖራው ውስጥ የገባው ውሃ ግን ተበጣጥሷል፤ በርሜሉ ውስጥ ከካልሲየም ጋር ያለው ሃይድሮክሳይድ ነው። ቃል ከመሸምደድ ይህን ጥያቄ መያዝ ይቀላል።

አሁን የኦክሳይዱን መንደር ለቀን እንውጣ፤ የአንሃይድራይድ ትልቁ ሥራ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። አሴቲክ አሲድ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው። ሁለት የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች መካከል አንድ ውሃ ሲወጣ በአንድ ኦክስጅን የተሳሰሩ መንትዮች ይቀራሉ፤ አሴቲክ አንሃይድራይድ ይባላሉ። የዚህ ሰው ጠቀሜታ ከውሃ ጋር የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ ከሌሎች ጋር የሚያደርገው ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የባየር ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን ሳሊሲሊክ አሲድን ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ጋር አገናኝቶ ንጹሕ አስፕሪን ሠራ። በተራው አሴቲክ አሲድ ቢሞከር ውሃ ይፈጠራል፣ ያ ውሃ ደግሞ ሥራውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። አንሃይድራይዱ ግን ግማሹን ይሰጣል፣ ግማሹ አሲድ ሆኖ ይሄዳል፤ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ይኸው ችሎታው ሞርፊንን ወደ ሄሮይን ለመቀየርም ስለሚውል በ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ኬሚካሎች አንዱ ሆኗል።

እናንተም ውስጥ አለ። ጡንቻችሁ የሚሠራበት ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ሦስት ፎስፌቶች የተደረደሩበት ነው፤ ፎስፌቶቹን የሚያያይዘው የአንሃይድራይድ ማሰሪያ ነው። ታክሲ አምልጧችሁ ስትሮጡ ሰውነታችሁ የሚከፍለው ከዚያ ማሰሪያ ነው፤ በሞል 30 ኪሎጁል ገደማ። በርሜሉ በአንዴ የሚቆጣውን ሕዋስ በልክ በልኩ ያወጣዋል። ይህን ይህን «ውሃ ቀንስ» ከሚለው መስመር ውስጥ የሚገምት ተማሪ ካለ ላግኘውና ቡና ልጋብዘው።

በመጨረሻ ወደ ኖራ ልመለስ፤ እዚህ ጋ ትችቴ ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለአማርኛችንም ነው። እኛ «ኖራ» የምንለው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ውሃ ያልነካው የእቶን ኖራ አለ፤ ውሃ የጠጣ ኖራ አለ። ከሚታረሰው መሬታችን 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ጎጃም፣ አዊ፣ ወለጋ። ለዚያ ማሳ «ኖራ ጨምሩ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የመጀመሪያው ነው፣ የተፈጨው ድንጋይ። እሱ ከውሃ ጋር አይቆጣም። 100 ኪሎው የሚያከሽፈውን አሲድ ግን 56 ኪሎ የእቶን ኖራ ወይም 74 ኪሎ ውሃ የጠጣ ኖራ ያከሽፈዋል። በሄክታር በቶን ለሚቆጠር ጭነት ይህ ልዩነት የመኪና ኪራይ ነው። በሌላ በኩል፣ አንድ ገበሬ የተፈጨ ድንጋይ መስሎት የእቶን ኖራ በላብ በራሰ እጁ ቢበትን ልዩነቱ የቆዳና የዓይን ነው። ስሙ አንድ ነው፣ «ኖራ»። የሚለየው ቃል እንግሊዝኛው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማዳበሪያው ላይ ግን አይታይም፣ አፋችንም ላይ የለም።

መምህር ብሆን ያቺን የሰልፈሪክ አሲድ ጥያቄ አንስቼ ይህችን እተካት ነበር፦ «ሦስት ማዳበሪያ መጣላችሁ፤ ሦስቱም ላይ የተጻፈው 'ኖራ' ነው። አንዱ ላይ አቼቶ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ይወጣል። አንዱ ላይ አረፋም ሙቀትም አይታይም፣ በውሃ ግን ወተት ይመስላል። ሦስተኛው ገና አልተነካም። የትኛውን ነው ማንም እንዲነካው የማትፈቅዱት? አንድ ቦታ የግድ ውሃ ማግኘት ካለበትስ በምን ቅደም ተከተል?» አረፋውን በራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የእንቁላል ቅርፊት ላይ አቼቶ አፍሱበት፤ እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የሚወጣውም ያው የአሲድ አንሃይድራይድ። ሦስተኛውን ማዳበሪያ ግን ለሙከራ አትክፈቱት።

የዚያን ቀን በርሜሉ ማታ ድረስ ሞቀ። ቀለም ቀቢው ጎኑን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው ቆርቆሮ ከደኑበትና «ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ይበርዳል» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።